የማቴዎስ ነው፣ አይነካ

አጎቴ ብሩ መልካም ሰው ነው ይላሉ። ይበሉ። ሆሳዕና ውስጥ ስንቱን አስታርቋል፣ ስንቱን ድሯል፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ ማጽናናትማ እሱ ያውቅበታል ይባላል። እናቴ በሕይወት እያለች ለእሷ ስል ሰላም እለው ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ግን መንገድ ላይ ሳየው ወደ ማዶ እሻገራለሁ። ሰው ይታዘበኛል። "ለሽማግሌ አጎትሽ እንዴት እንዲህ ትሆኛለሽ?" ይሉኛል። ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ነገሩ የሆነው በ1980 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ የሰው ልጅ ለቅሞ ለቅሞ አልጠግብ ያለበት ጊዜ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ግንቦት ላይ ማትሪክ እፈተናለሁ። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እናቴ ገነቴ ብቻ ነን። አባታችን ገና ልጆች ሳለን ነው የሞተው። ታላቅ ወንድሜ ማቴዎስ ደግሞ በብሔራዊ ውትድርና ሰሜን ዘምቷል።

ማቴዎስ ከመዝመቱ በፊት መናኸሪያው አጠገብ ጋሽ አህመድ ሱቅ ውስጥ ካሴት ይቀዳ ነበር። የጋሽ አህመድ ወላጆች ከጉራጌ አገር የመጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ ሱቁ ግማሹ ጨርቅ፣ ግማሹ ካሴት ነው። ሰው ባዶ ካሴት ይዞ ይመጣል፣ ማቴዎስ የፈለገውን ይቀዳለታል። ጸሎት ቤታችን ተዘግቶ የቀበሌ መሰብሰቢያ ከሆነ በኋላ ምእመናኑ መዝሙር በድብቅ የሚያስቀዱት እሱ ጋ ነበር። ስለዚህ እናቴ ሥራውን እንደ አገልግሎት ነበር የምትቆጥርለት፤ ያ ካሴት ቤት እስኪገባ ድረስ።

ያንን ካሴት ያመጣው ቼኮዝሎቫኪያ ተምሮ የተመለሰ የእርሻ ባለሙያ ነው። ሀደሮ ተመድቦ ሲያልፍ መኪና እስኪሞላ ጋሽ አህመድ ሱቅ ገባና አንድ ቅጂ አሠራ። ማቴዎስ ለራሱም አንድ ቀዳ። ከላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "የማቴዎስ ነው፣ አይነካ" ብሎ ጻፈበት። የማይነካው በማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ በእኔ ነው።

ቤት አምጥቶ ሲከፍተው ቆርቆሮ ላይ በረዶ የወረደብን ነው የመሰለኝ። በኤሌክትሪክ ጊታርና በከበሮ መሀል አንድ ሰውዬ ጉሮሮው እስኪበጠስ ይጮኻል። እናቴ "በኢየሱስ ስም!" ብላ ከጓሮ እየሮጠች መጣች። ማቴዎስ የእንሰት መፋቂያዋን ከእጇ ቀማትና እንደ ጊታር አቅፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጭንቅላቱን ይነቀንቅ ጀመር። እናቴ ልትቆጣው አፏን ከፈተች፣ ግን ሳቋ ቀደማት። እኔ አልሳቅሁም። ራስ ምታቴ ተነሳና "ዝጋልኝ፣ ይሄ የእብድ ነገር ነው" ብዬ ወጣሁ። ያን ቀን አብሬው ብስቅ ምን ነበረበት? እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስሙ የዘማቾች ዝርዝር ውስጥ የወጣው እኮ ሱቁ ውስጥ እንደቆመ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ተገኘ በር ላይ ቆሞ አነበበለት፤ በሳምንቱ በከበሮ ሸኘነው። በአውቶቡሱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ "ትርፌ! ቴፑ ውስጥ ድንጋዩን እንዳትረሺው፣ ፈስሶ ያበላሽብኛል!" አለኝ። መሰነባበቻችን ይሄው ነው፤ የባትሪ ድንጋይ።

ሦስት ደብዳቤ ጻፈልን። ከኅዳር በኋላ ቀረ።

ጥር ላይ፣ ከማቴዎስ ጋር አብሮ የዘመተው አክሊሉ እግሩን ቆስሎ ፎንቆ ወላጆቹ ቤት መግባቱን ትምህርት ቤት ሰማሁ። ቅዳሜ ጠዋት ለእናቴ ነግሬያት ከመናኸሪያ የፎንቆ መኪና ተሳፈርኩ። ደብዳቤ ልኮልን እንደሆነ ልጠይቅ ነው የሄድኩት፤ ሌላ ነገር በልቤም አልነበረ።

አክሊሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል፤ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፏል። ገና ሲያየኝ እንባው ዱብ ዱብ አለ። "ትርፌ፣ ላድነው አልቻልኩም" አለኝ።

"ማንን?" አልኩት። ጅልነቴን አያችሁልኝ? ማንን! 

ነግረውኝ የመጣሁ ነበር የመሰለው። እንዳልሰማሁ ሲገባው መልሶ ሊውጠው ሞከረ፤ አልሆነለትም። ኅዳር ውስጥ ነው አለኝ፤ ናቅፋ ግንባር፣ ምሽግ ውስጥ፣ መድፍ ነው። ወዲያው ነው የሞተው፣ አልተሠቃየም አለኝ። ቀበራችሁት ወይ ስለው፣ "እያፈገፈግን ነበርኮ" አለኝ። ከዚያ ደግሞ እንዲህ አለኝ፤ "ሌሊት ስንቀዘቅዝ በአፉ ጊታር ይጫወትልን ነበር። ያንን የፈረንጅ ጩኸት። ሻለቃችን ሳይቀር ይስቅ ነበር።"

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ልጮኽ አፌን ስከፍት ከውስጥ አጎቴ ብሩ የሻይ ብርጭቆ እንደያዘ ወጣ። የእናቴ ወንድም ነው፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ነበር። ለካ አክሊሉና ቤተሰቡ ወሬውን እንዳያወጡ ሊያስጠነቅቅ ከእኔ ቀድሞ መጥቷል። አፌን በመዳፉ አፍኖ ወደ ጓሮ ወሰደኝ።

"ስሚኝ ልጄ" አለኝ። "እናትሽ እንዳትሰማ። ደም ግፊት አለባት፣ እንዲህ ያለውን ነገር በድንገት ብትሰማ እሷንም እናጣታለን። መርዶ በሥርዓቱ ነው የሚነገረው፤ በጠዋት፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ሰው ከጎኗ ሆኖ። እሱ ደግሞ ከጦሩ ወረቀት ሳይመጣ አይሆንም። ሳህሉን አላየሽም እንዴ?"

ሳህሉ ጎረቤታችን ነው፣ አናጺ። ልጁ መሞቱን ከሰው ሰምቶ፣ ወረቀት ሳይጠብቅ ድንኳን ተከለ። ጓድ ተገኘ "የወንበዴ ወሬ አናፍሰሃል" ብሎ ድንኳኑን አስነቀለና ሳህሉን ሁለት ሳምንት አሰረው። ከእስር ሲወጣ ጺሙ ሸብቶ ነበር።

"ወረቀቱ ይምጣ እንጂ እኔው ራሴ እነግራታለሁ" አለ አጎቴ። ከኪሱ ትንሿን አዲስ ኪዳን አወጣና እጄን አስጫነኝ። መማል ኃጢአት ነው ብሎ ሰንበት ትምህርት ያስተማረን እሱ ነው። ማልኩለት። ወረቀቱ እስከ ዛሬ በመምጣት ላይ ነው።

ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ ተቀምጣ ሹራብ እየሠራች ነበር። አረንጓዴ ሹራብ ነው፤ "ሰሜን ብርድ ነው" ብላ ለማቴዎስ የጀመረችው።

"አክሊሉን አገኘሽው?" አለችኝ። ቤታችን የምናወራው ሀዲይኛ ነው፤ እኔ ነኝ በአማርኛ የምነግራችሁ።

"አገኘሁት።"

"ምን አለሽ?"

"ማቴዎስ ደህና ነው አለ። መጻፊያ ወረቀት ስለሌለ ነው አለ።"

"ተመስገን" አለችና ወደ ሹራቧ አጎነበሰች። ቀና ብላም "ክንዱ የረዘመ መሰለኝ፤ ነይ እስቲ ባንቺ ልለካው" አለችኝ። እጄን ዘረጋሁላት። የሞተ ወንድሜን ሹራብ በእኔ ክንድ ለካችው።

ከዚያ ጓዳ ገባሁ። ጓዳው የማቴዎስ ነበር፤ እሱ ከሄደ የማጠናው እዚያ ነው። ልጮኽ ፈለግሁ። የጭቃ ግድግዳ ነው፣ ሳል እንኳ ይሰማል። ትራሱን ነከስኩት፤ አልበቃኝም። ቴፑ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ አየሁት። አራቱን ድንጋይ ጨመርኩና ያንን ካሴት ከትቼ ድምፁን እስከ መጨረሻው አዞርኩት።

ሰውዬው ጮኸ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እኔ መጮኽ ያቃተኝን ያህል ጮኸ። ስለ ምን እንደሚጮኽ አላውቅም፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችንም ቢሰማው የሚገባው አይመስለኝም። እሰይ! ስላልገባኝ ነው የወደድኩት። በሚገባኝ ቋንቋ የሚሉኝን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ጌታ ሰጠ ጌታ ወሰደ ይሉኛል፣ አይዞሽ ይሉኛል፣ ጀግና ነው አይለቀስለትም ይሉኛል። ይሄ ሰውዬ ግን አይዞሽ አላለኝም። ሊያጽናናኝ አልሞከረም። ተናዶ ነበር፤ እኔም ተናድጄ ነበር። አልጋው ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ጊታሩ ደረቴ ላይ ሲንቀጠቀጥ ሁለት ዘፈን ሰማሁ። ከዚያ መተንፈስ ቻልኩ። ተነስቼም እራት ሠራሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ እከፍተዋለሁ። ድንጋይ ለመቆጠብ ካሴቱን በእስክሪብቶ ነው የማጠነጥነው። የደከመውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ። የመጀመሪያው ዘፈን ላይ አክሊሉን እራገማለሁ፣ ሁለተኛው ላይ ጓድ ተገኘን፤ ሦስተኛው ረጅም ነው፣ መሀሉ ላይ ጊታሩ ብቻውን ይቀራል፤ እዚያ ጋ ማቴዎስን ከነእንሰት መፋቂያው አየዋለሁ። ያኔ አለቅሳለሁ። አራተኛው ላይ ፊቴን እታጠባለሁ። እንዲህ ነው ጥርንና የካቲትን የገፋሁት።

የገረመኝ እናቴ ናት። አንድም ቀን ዝጊው አላለችኝም። ስከፍተው ብድግ ብላ መፋቂያዋን ይዛ ወደ ጓሮ፣ ወደ እንሰቱ ትሄዳለች። ሰልችቷት ነው ብዬ ነበር። በሳምንቱ ግን ከገበያ አራት አዲስ ድንጋይ ይዛልኝ መጣች። "ደክሟል አይደል? እንቺ" አለችኝ። የጸሎት ቡድን ሴቶች "የማቴዎስ እናት፣ ልጅሽን ክፉ መንፈስ ይዟታል፣ እንጸልይላት" ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። "ተዋት፣ ስታጠና እንቅልፍ እንዳይጥላት ነው" አለቻቸው። አንድ ቀን እንዲያውም ከጓሮ ተጣርታ "ትርፌ! ትንሽ ከፍ አድርጊው፣ እዚህ ደብዝዟል" አለችኝ። ሳቅሁ። ከጥር ወዲህ የሳቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አትሳሳቱ፣ በእናቴ ደስ ብሎኝ አልነበረም። ጠልቻት ነበር። የእናት ሆድ ያውቃል ይባላል አይደል? የእሷ ሆድ ምንም አላወቀም። "ማቴዎስ ሲመጣ ጣራውን ያድስልናል፣" "ማቴዎስ ሲመጣ ይቺን ጥጃ እንሰጠዋለን" ትላለች። ዓይኗ ሲቀላ "ጢስ ነው" ትላለች፣ ድምፅዋ ሲሰልል "ጉንፋን ነው።" እኔ ምን ቸገረኝ፣ አልጠየቅኋትም። አንድ ማታ ክሩን አስይዛኝ እያጠነጠነች "ደረቱ ላይ ይጠበው ይሆን?" ብትለኝ "አይጠበውም!" ብዬ ክሩን ጥዬባት ተነሳሁ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ያ በአጎቴ ኪስ ውስጥ የሚዞረው አዲስ ኪዳን ባይኖር እነግራት ነበር።

ሚያዝያ ላይ የካሴቱ ድምፅ መንሻፈፍ ጀመረ። ደንግጬ ጋሽ አህመድ ሱቅ ወሰድኩት።

"ሌላ ቅዳልኝ ጋሽ አህመድ" አልኩት።

"በምን ላይ ልቅዳልሽ? ባዶ ካሴት ከገበያ ከጠፋ ስንት ጊዜው" አለኝ። ካሴቱን ተቀብሎ ጽሑፉን አነበበ። አውራ ጣቱን ቀዩ ጽሑፍ ላይ አሳረፈው። "ያ የእርሻ ሰውዬ ስሙን ነግሮን ነበር። ሄቪ ሜታል ነው የሚባለው ብሎን ነበር። ከባድ ብረት ማለት ነው አለ ማቴዎስ።" ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና "አላህ ያጽ..." አለ። ቶሎ ብሎ ዋጠው። "አላህ ያበርታሽ፣ ለፈተናው" አለኝ።

እሱም ያውቃል ለካ። ያን ዕለት ከመናኸሪያው እስከ ቤት ሰውን ሁሉ ፊት ፊቱን እያየሁ ሄድኩ። ሁሉም ያውቃሉ። ትኬት ቆራጮቹ ያውቃሉ፣ ተሸካሚዎቹ ያውቃሉ፣ ለሰላምታ ሲሳለሙኝ ትከሻዬን ጠበቅ ያደርጋሉ። ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን እናቴ ብቻ አታውቅም። ምስኪን አልኳት በልቤ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩባት።

ግንቦት ገባ። ፈተናው ሰኞ ሊጀመር እሑድ፣ እንደ ልማዴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከፈትኩት። እናቴ ወደ ጓሮ ሄደች። አንደኛው አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው መሀል ላይ፣ ሰውዬው ድምፁን ወደ ላይ ሲያወጣው፣ ቴፑ ጉርርር አለና ካሴቱን በላው። ቤቱ ጭር አለ።

ጩኸቱ ግን አልቆመም።

ከጓሮ ነው የሚመጣው። በሀዲይኛ ነው። "ልጄ ማቴዎስ፣ አፈር ሳላለብስህ፣ ልጄ፣ ማን ዓይንህን ከደነልህ፣ ልጄ ማቴዎስ" ይላል። ዘፈኑ መቆሙን ገና አልሰማችም፤ ትንፋሽ ወስዳ ደገመችው፣ ሦስተኛ ልትለው ስትል ድንገት ዝም አለች።

ሮጥኩ። እንሰቱ ሥር ተንበርክካለች። መፋቂያው ተጥሏል፣ አረንጓዴውን ሹራብ ጨምቃ ይዛለች። ስታየኝ አፏን በሹራቡ ሸፈነች።

"ማን ነገረሽ?" አልኳት።

"አንቺንስ ማን ነገረሽ?" አለችኝ። እኔም እንደማውቅ ከፊቴ ገብቷታል።

"አክሊሉ። ያኔ ፎንቆ የሄድኩ ጊዜ።"

ዓይኗን ጨፈነች። "ለእኔ ብሩ ነው የነገረኝ" አለች። "አንቺ ቅዳሜ ፎንቆ ልትሄጂ፣ እሱ ከዚያ በፊት ማክሰኞ ዕለት። ፈተናዋን እስክትጨርስ እንዳታውቅብሽ፣ ዕድሏን ታበላሺባታለሽ አለኝ። አዲስ ኪዳኑን አስመትቶ አስማለኝ።"

"እኔንም አስመታኝ። እሷን ትገድያታለሽ አለኝ።"

አየችኝ። አየኋት። አራት ወር! አራት ወር ሙሉ ከአንድ ትሪ ቆጮ እየቆረስን፣ እኔ ለእሷ፣ እሷ ለእኔ ስንዋሽ። እኔ ጓዳ፣ እሷ ጓሮ፣ አንድ ግድግዳ መሀላችን። እኔ ሙዚቃ ስሰማ እሷ በእኔ ሙዚቃ ውስጥ ተደብቃ ስታለቅስ። ተመስገን ያለችኝም አውቃ ነው። እኔ አልሰማሁም ብላ ደስ ብሏት ነው ተመስገን ያለችው።

"ሹራቡስ?" አልኳት። "ሹራቡንስ ለምን ትሠሪዋለሽ?"

"ብተወው ታውቂብኝ የለ" አለች።

አጠገቧ ተንበረከክሁ። ገና እጇን ሳልይዝ ከአጥሩ ማዶ እትዬ አባይነሽ "ወይኔ ማቴዎስ! ወይኔ የእኔ ቆንጆ!" ብላ ጮኸች። የእናቴን ድምፅ ሰምታለች፤ ለቅሶ የሰማ ጎረቤት ዝም አይልም፣ ሥርዓታችን ነው። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በአጥሩ መግቢያ ገቡ። ሳህሉ አናጺው ባርኔጣውን አውልቆ መጣ። ጋሽ አህመድ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ለካ ሁሉም ልቅሶውን ይዞ ሲጠብቅ ነው የከረመው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ወንድሜ ሊለቀስለት ነው። ደስ አለኝ።

እናቴ ተነሳች። እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፣ አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ጓድ ተገኘ ሁለት ጠመንጃ ያዥ አስከትሎ ገባ። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ነው። ከኋላው አጎቴ ብሩ እያለከለከ ይሮጣል።

"ማን ነው የሞተው?" አለ ጓድ ተገኘ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

"እኔ ጋ የመጣ ወረቀት የለም። ይሄ ሁሉ ሰው በማን ወሬ ነው የተሰበሰበው? ማን ነው ይሄን ወሬ ከግንባር ያመጣው?"

አክሊሉን ነው የሚፈልገው፤ ሁላችንም ገብቶናል። አጎቴ ብሩ ወደፊት ወጣ። "ማንም አልሞተም፣ ጓድ" አለ። ፈገግ ለማለት ሞከረ። "ዘፈን ነው። ይቺ ልጅ ጩኸት የሆነ የፈረንጅ ዘፈን ትሰማለች። ሰዉ ለቅሶ መስሎት ነው። እኔ አጎቷ ነኝ፣ አውቃለሁ።"

ልተፋበት ነበር። ጓድ ተገኘ ግን ወደ እናቴ ዞረ። "የማቴዎስ እናት፣ አንቺው ተናገሪ። ልጅሽ ሞቷል?"

እናቴ ጠመንጃዎቹን አየች። ሳህሉን አየች። እኔን አየችኝ። ነገ ጠዋት የምፈተን ልጇን ነው ያየችው፤ ያቺ አስተያየቷ አንጀቴን ነው የበላችው። ከዚያ አረንጓዴውን ሹራብ ዘረጋግታ፣ ትከሻና ትከሻውን ይዛ ለሊቀመንበሩ አሳየችው።

"ልጄ ደህና ነው" አለች በአማርኛ። "ይኸው ሹራብ እየሠራሁለት ነው።"

"ዘፈኑን አምጪው" አለኝ ጓድ ተገኘ። "እስቲ እንስማው።"

ቴፑን አመጣሁ። የተበላውን ክር በጣቴ ፈትቼ በእስክሪብቶ አጠነጠንኩት። መሬት ላይ አስቀምጬ ድምፁን እስከ መጨረሻው አዞርኩና ከፈትኩት። ሰውዬው ካቆመበት ቀጠለ። ያ ሁሉ ሰው፣ ነጠላውን ያዘቀዘቀ፣ ባርኔጣውን ያወለቀ፣ እንሰት ሥር ቆሞ ሄቪ ሜታል ሰማ። መጀመሪያ ትከሻቸው ሲንቀሳቀስ ያየሁት እትዬ አባይነሽን ነው። ከዚያ ሳህሉ ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። ከዚያ ሁሉም። ጩኸት በጩኸት ውስጥ ገባ። እናቴ አፏን ከፍታ አለቀሰች፣ እኔም ጮኽኩ፤ ማን ይሰማል? ወንድሜ ለቅሶ የተለቀሰለት ያኔ ነው፤ የአንድ ዘፈን እኩሌታ ያህል።

ጓድ ተገኘ አጎንብሶ ቴፑን ዘጋው። የሰዉ ድምፅ ግን ወዲያው አልቆመም፤ ሜዳ ላይ ቀረ። ሰማው። ዞር ዞር ብሎ ፊታችንን አየ። ሁሉም አንገቱን ደፋ።

ካሴቱን አወጣና ጽሑፉን አነበበ። የዘማቾቹን ስም ዝርዝር ያነበበው እሱ ነው፣ ማቴዎስ ማን እንደሆነ ያውቃል። "የኢምፔሪያሊስት ጩኸት ነው" አለ። "በዘማች ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይሰማም።" ኪሱ ከተተውና ሄደ።

ሰዎቹም አንድ በአንድ ነጠላቸውን አቃንተው ወጡ። እግዜር ያጽናሽ የማይባልበት ለቅሶ ምን ተብሎ ይሰነባበታል? "ለፈተናው ይቅናሽ" እያሉኝ ሄዱ። አጎቴ ብሩ ብቻ ቀረ። ላቡን ጠርጎ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም አለፈ" አለ።

"ውጣ" አልኩት። ለታላቅ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ወጣ።

ጓሮው ውስጥ ሁለታችን ቀረን። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። እናቴ ሹራቡን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ግራና ቀኝ ያለውን አጥር ታያለች። ደረቷ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። እኔም ለቅሶዬ ገና አልወጣልኝም።

"ሌላ ካሴት የለሽም?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"የመዝሙር አለ" አልኳት። "ማቴዎስ የቀዳልሽ።"

ያንን ካሴት ከመዝሙር መጽሐፏ አስበልጣ ነው የምትወደው። ትንሽ አሰበችና ራሷን ነቀነቀች።

"መዝሙሩ አይሆንም" አለች። "ድምፁ ትንሽ ነው።"